ሃምሳ አንድ ጊዜ «ደረቅ»

ስልኩ ሲጮህ መወልወያውን ገና ከቱቦው ላይ አላነሳችም ነበር። ሥራ ላይ ሳለች ለስልክ መሮጥ አትወድም። አራት ጊዜ እስኪጮህ ድረስ ቱቦውን ዙሪያውን ወልውላ ጨረሰች፤ ሰማያዊውን ጨርቅ ባልዲው አፍ ላይ አንጠለጠለችና እጇን በጋዎኗ አደራርቃ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አነሳችው።

«እታለም! ሽማግሌው እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው። አንተን ግን ዛሬ ምን ነካህ? ገና ሁለት ሰዓት እኮ ነው።»

«እንቅልፍ መቼ ወሰደኝ ብለሽ! አንድ ቀን ብቻ ቀረው እኮ። ኬክ አዝዣለሁ። በላዩ ላይ ‹አሥር ሺህ› ተብሎ በክሬም ይጻፍበታል።»

«አሁንስ አበዛኸው። ለቱቦም ልደት ይከበራል?»

«ለቱቦው መሰለሽ? ላንቺ ነው እንጂ!»

ደዋዩ ታናሽ ወንድሟ፣ የፋብሪካው የምርት ኃላፊ ነው። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ በግራና በቀኝ ነጥቷል፤ ሰማንያ ሠራተኛ በእሱ ቃል ይወጣል ይገባል። ለእሷ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። እናትና አባታቸው በስድስት ወር ልዩነት ተከታትለው ሲሞቱ እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፣ እሷ አሥራ ሰባት። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርጭቆ እያጠበች አሳደገችው፤ ሳትወልድ እናት ሆነች። ልጁ ጨዋ ነበር ማለት አይቻልም። ከቁም ሳጥን ስኳር እየሰረቀ ሲያስቸግራት፣ «ከኋላዬ አይሆንም! መስረቅህ ካልቀረ ፊት ለፊቴ ቆመህ ስረቅ» አለችው። እሷ እያየችው ግን እጁ አልዘረጋ አለው፤ ስኳሩን በዚያው ተወ። ዛሬም ሁለቱ ሲቀላለዱ «ፊት ለፊቴ ስረቅ» ይባባላሉ።

ወሬ ወሬን እየወለደ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ለቱቦው ማረጋገጫ የሚሰጠው ተቆጣጣሪ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው አሥር ሺህ ሲል በዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ፣ እሷም ያቺን አሮጌ ጋዎን ትታ አዲሱን እንድትለብስ ነገራት። «እሺ፣ እሺ፣ አሁን ልሥራበት» ብላ ዘጋችውና ወደ ቱቦው ተመለሰች።

ክፍሉ ከፋብሪካው ጀርባ ያለ ጠባብ ቤት ነው። በአንዱ ጥግ ፓምፑ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። በግድግዳው ዙሪያ አሥራ ስምንት የብረት ማስቀመጫዎች ተደርድረዋል፤ አሥራ ሰባቱ ባዶ ናቸው። በአሥራ ስምንተኛው ላይ የተጋደመውን ሠራተኛው ሁሉ «ሽማግሌው» ይለዋል፣ ጓደኞቹን ሁሉ ቀብሮ የቀረ ስለሆነ።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው ቀልድ ይመስላል። ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተጠመጠመ ቱቦ መሬት ውስጥ ሃምሳ ዓመት ይቆያል ብሎ ለመማል ሃምሳ ዓመት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ከምርቱ አሥራ ስምንት ቁራጭ ይወሰዳል፤ ጫፍና ጫፋቸው ታሽጎ ውሃ ይሞላባቸዋል፤ አንዱ በከባድ ግፊት፣ ሌላው ቀለል ባለ ግፊት ይወጠራል። የከበደበት በሰዓታት ውስጥ ይሸነፋል፣ የቀለለለት ወራት ይቆያል። የእያንዳንዱ መሸነፊያ ሰዓት ወረቀት ላይ ነጥብ ይሆናል፤ በነጥቦቹ መሐል መስመር ይሰመርና እስከ ሃምሳ ዓመት ድረስ ይሳባል። አንድ የማይታለፍ ደንብ ግን አለ። ከአሥራ ስምንቱ ቢያንስ አንዱ አሥር ሺህ ሰዓት መሻገር አለበት። ካልተሻገረ መስመሩ አይታመንም፤ ሥራው ከሀ ይጀመራል፤ ያ ማለት ደግሞ ሌላ አሥራ አራት ወር ማለት ነው።

መሸነፍ ሲባልም የግድ መፈንዳት አይደለም። አንዲት ጠብታ በቱቦው ገላ በኩል እንደ ላብ ከወጣች በቃ፣ ቱቦው ሞቷል። ለዚህም ሲባል ውሃው ውስጥ ለዓይን የማይታይ ስስ ቀለም ይጨመራል፤ ባንክ ቤት ሐሰተኛ ገንዘብ በሚለዩበት ዓይነት ሐምራዊ መብራት ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። እሷ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሶፍት ወረቀት በቱቦው ላይ ትጠቀልላለች፤ ሶፍቱን መብራቱ ሥር ታያለች፤ ካልበራ መዝገቡ ላይ የቆጣሪውን ቁጥር ጽፋ ከጎኑ «ደረቅ» ትላለች። እሁድ የለ፣ በዓል የለ። ለዚህም ነው ሠራተኛው «እትዬ ሰዓት» የሚላት፤ ስሟን ረስተውታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሶፍቱን ጠቅልላ፣ ፈትታ፣ መብራቱ ሥር ያዘችው። መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር በራች።

ጣቷ ላይ የተረፈ ቀለም ይሆናል ብላ እጇን ታጠበች። ሁለተኛ ሶፍት ጠቅልላ አምስት ደቂቃ ጠበቀች፤ በራ። ሦስተኛውም በራ፣ እዚያው ቦታ፣ ከሆዱ ሥር በስተግራ። ቆጣሪውን ቀና ብላ አየች። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ይላል።

ስልኩን አነሳች። «ማሙሽ፣ ና።»

«ምን ሆንሽ?»

«በስልክ አይሆንም። ና ብዬሃለሁ።»

ከቢሮው እስከዚህ በእግር የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው፤ እሱ ግን በመኪናው መጣ። በሩን ገፍቶ ሲገባ ሦስቱን ሶፍት ጠረጴዛው ላይ ደርድራ መብራቱን አብርታባቸው ነበር። ማብራሪያ አላስፈለገውም። ይህን ሥራ ያስተማራት እሱ ነው።

«ዛሬ ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዛሬ ነው። ትናንት ደረቅ ነበር።»

«ሃያ አራት ሰዓት» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። «ከአሥር ሺህ ውስጥ ሃያ አራት ሰዓት! እግዜር ራሱ ይህን ያህል አይቆጥርም፣ እታለም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ላብ ነው በያ። ብርድ ነው፤ ክፍሉ ሁሉ ያልበዋል።»

«ላብ አረንጓዴ ሆኖ አይበራም።»

«እንግዲያው አላየሽውም።»

«አይቼዋለሁ፣ ማሙሽ።»

ወንበር ስቦ ጉልበቷ አጠገብ ተቀመጠ፤ የሆነ ነገር አጥፍቶ ሊያባብላት ሲፈልግ እንደሚቀመጠው። «ስሚኝ። እኔ ባልደውል ኖሮ ታይው ነበር? አታይውም። እኔ ነኝ በወሬ ያዘገየሁሽ። እንደ ሌላው ቀን ወልውለሽ፣ ወዲያው ሶፍትሽን ጠቅልለሽ፣ ደረቅ ብለሽ ጽፈሽ ትወጪ ነበር። በቃ፣ አልደወልኩም እንበል። ነገም ተቆጣጣሪው ሳይመጣ ወልውይው። በየጠዋቱ መጀመሪያ ትወለውይው የለ? ይኸው ነው፣ አንድ ቀን ብቻ።»

እውነቱን ለመናገር ልቧ ሸፍቶ ነበር። ሃያ አራት ሰዓት ምንድን ነው? አሥራ አራት ወር ሙሉ እንቅልፏን፣ እሁዷን፣ የታመመ ጎረቤት መጠየቋን ሁሉ ለዚህ ብረት ሰጥታለች። ይህ ቱቦ ካለፈ ፋብሪካው ትልቁን የውሃ ሥራ ይይዛል፤ ማሙሽም ቃሉን የጠበቀ ሰው ይባላል። አንድ ቀን ለወንድሟ ብትሰጥ ማንን ትጎዳለች? «እሺ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን ከተናገረው ውስጥ አንዷ ነገር ያዘቻት። መጀመሪያ ትወለውይው የለ?

ክው አለች።

ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአሠራር ወረቀት አየች። ራሷ ናት የለጠፈችው። «አንደኛ፣ ሶፍት ጠቅልሎ ማየት። ሁለተኛ፣ መወልወል» ይላል። እሷም ሃምሳ ሳምንት ያህል እንደዚያ ስትሠራ ቆይታለች። ብርዱ ሲገባ ግን ቱቦው በየጠዋቱ በላብ እየተነከረ ማደር ጀመረ፤ የምትጠቀልለው ሶፍት ሁሉ እየራሰ በእጇ ላይ ይቀደዳል። ንጹሕ ሥራ የምትወድ ሰው ስለሆነች ይህ አናደዳት። አንድ ቀን ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው፤ መጀመሪያ ወልውላ፣ ወዲያው ሶፍት። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ወጣላት፤ ዘዴዋም ደስ አላት። ለማንም አልነገረችም፣ የሚነገር ነገር መስሎ ስላልታያት፤ ማሙሽም ሲመጣ ሲሄድ ያየውን ልብ አላለውም ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለች ጠብታ ለመውጣት ደቂቃዎች ይፈጁባታል። በየጠዋቱ ከሌሊት ጀምሮ የተጠራቀመውን በጨርቅ ጠርጋ፣ የተወለወለ ቆዳ ላይ ወረቀት እያስቀመጠች «ደረቅ» ስትል ነው የከረመችው።

«መብራቱን ስጠኝ» አለች።

«ምን ልታደርጊ?»

«ስጠኝ ብዬሃለሁ። እዚሁ ጠብቀኝ።»

ከክፍሉ ጎን መስኮት የሌላት ትንሽ ዕቃ ቤት አለች። እዚያ ጥግ ላይ አሮጌ መወልወያዎች የሚጠራቀሙበት ማዳበሪያ ይቀመጣል። መወልወያዎቹን የምትቆርጠው ከሠራተኞቹ አሮጌ ሰማያዊ ቱታ ነው፤ ለአንድ ሳምንት አንድ። በየጨርቁ ጥግ የሳምንቱን ቁጥር በነጭ ክር ትሰፋበታለች። ሰው ሲስቅባት «ላንተ ጨርቅ ነው፣ ለኔ መዝገብ ነው» ትላለች። ሳምንቱ ሲያልቅ አድርቃ ማዳበሪያው ውስጥ ትጥለዋለች፤ በየሦስት ወሩ ትልቁ ማሽን ሲጸዳ ሠራተኞቹ ይወስዱታል። የሚቀጥለው ጽዳት ገና ነበር።

በሩን ከውስጥ ዘጋች። በጨለማው ውስጥ ማዳበሪያውን ገልብጣ ሐምራዊውን መብራት አበራች።

ሃምሳ ዘጠነኛው ሳምንት ከዳር እስከ ዳር በራ። ሃምሳ ስምንተኛውም በራ። ሃምሳ ሰባት፣ ሃምሳ ስድስት። በየተራ እያነሳች ክሩን በጣቷ ዳስሳ ቁጥሩን ታነባለች፤ እያነሳች ወደ ጎን ታስቀምጣለች። ብርሃኑ እየሳሳ ቢሄድም አልጠፋም። ሃምሳ ሦስተኛው ላይ እንደ ጥፍር የምታህል አንዲት አረንጓዴ ጠባሳ ብቻ ቀረች። ሃምሳ ሁለተኛው ጨለማ ነበር። ሃምሳ አንደኛውም፣ ሃምሳኛውም። ሃምሳ ሁለተኛውን መልሳ መላልሳ አገላበጠችው፤ ጨርቁ ጨርቅ ብቻ ነበር።

ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች። በሕይወቷ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ያ መዝገብ ነበር። ተቆጣጣሪው በመጣ ቁጥር «ያንቺን መዝገብ ካየሁ ቱቦውን ማየት አያስፈልገኝም» ይላት ነበር፤ እሷም ቤቷ ሄዳ ይህን ቃል ብቻዋን ደጋግማ ታስበዋለች። አሁን እፍረቱ ከእግሯ ተነስቶ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት። ለጥቂት ጊዜ በጨለማው ውስጥ አለቀሰች፤ ከዚያ በሃምሳ ሁለተኛው ጨርቅ ፊቷን ጠርጋ ወጣች።

ማሙሽ ቆሞ መዝገቡን ያገላብጥ ነበር።

«ዛሬ አይደለም» አለችው። «ሰባት ሳምንት አልፎታል።»

«ምኑ?»

«ሽማግሌው ከሞተ። እኔ ነኝ በየጠዋቱ ሬሳውን እያጠብኩ በሕይወት አለ ስል የከረምኩት።» ጨርቆቹን ጠረጴዛው ላይ በተራ ዘረጋችና መብራቱን አበራችባቸው።

አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ባልዲውን ገልብጦ፣ በዚያ ባማረ ሱሪው ላዩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እታለም፣ ተቀብሯል።»

«ምንድን ነው የተቀበረው?»

«ቱቦው። ሦስት ኪሎ ሜትሩ። ከላይ ከማጠራቀሚያው እስከ ታችኛው ሰፈር። አፈሩ ተመልሶበት አስፋልት ተነጥፎበታል።»

«ማረጋገጫ ሳይኖረው?»

«ማረጋገጫው ይመጣል ብዬ ለውሃ ሥራው አሠሪዎች ፈረምኩላቸው። ጊዜ የለንም አሉኝ፤ እምቢ ካልን ሥራው ለሌላ ሊሰጥ ነበር።»

«መቼ?»

«ከአምስት ሳምንት በፊት።» ቀና አለና ዓይኖቿን አያቸው። «ያንቺን መዝገብ አይቼ ነው የፈረምኩት። በየሳምንቱ እየመጣሁ እከፍተው ነበር። ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ ይላል። የሌላ ሰው መዝገብ ቢሆን ኖሮ እጄን አላነሳም ነበር።»

ሊወቅሳት ብሎ እንዳልተናገረ ታውቃለች፤ ወቅሷት ቢሆን ይሻላት ነበር። ከአምስት ሳምንት በፊት መዝገቡ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ይህ ልጅ ብዕር አያነሳም ነበር። የምትወደውን አንድ ሰው ገደል ያደረሰችው በገዛ እጅ ጽሕፈቷ ነው።

«ታችኛው ሰፈር ቁልቁል ነው» አለች በመጨረሻ። «ግፊቱ የሚበረታው እዚያ ነው። ቤቶቹ መንገዱ ላይ ናቸው።»

«ይፈነዳል ልትዪኝ ነው?»

«አላውቅም። አንተም አታውቅም። የምጽፈው አለማወቃችንን ነው።»

«ሃምሳ ዓመት ባይቆይ አርባ ይቆያል። አርባ ባይሆን ሠላሳ። ያን ጊዜ እኔና አንቺ የት አለን?»

«አሥር ቢሆንስ?»

«አይሆንም።»

«አይሆንም የምትለውን ለማወቅ እኮ ነው እዚህ አሥራ አራት ወር የተቀመጥኩት።»

ተነሳ። በጠባቧ ክፍል ውስጥ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ሁለት ተመለሰ። «ፊርማው የኔ ነው። የድርጅቱ አይደለም፣ የኔ። ያ መንገድ ከተቆፈረ የሚጠየቀው አንድ ሰው ነው። እታሰራለሁ እኮ፣ እታለም። ሁለት ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ስታውቂ ነው?»

«ሳውቅ ነው።»

«ማንም አላየም። አንቺና እኔ ነን።» እጁን ዘረጋ። «ጨርቆቹን ስጪኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። እናቴ አንቺ ነሽ፤ እናት ልጇን አሳልፋ አትሰጥም።»

የተዘረጋውን እጅ አየችው። ስድስት ዓመቱ ሳለ ፊደል ሲጽፍ ይህንኑ እጅ ይዛ ነበር የምታስኬደው። እጁን ልትይዘው፣ ጨርቆቹን ልታስይዘው፣ ቤት ሄደው ምሳ እንዲበሉ ልትለው ዳዳት። እሷ ብቻ ብትሆን የምትከስረው ያለ ማመንታት ትሰጠው ነበር። ግን ታችኛውን ሰፈር ታውቀዋለች፤ በዚያ መንገድ ዳር ልጆች የሚጫወቱበትን አውቶቡስ ማቆሚያ ታውቀዋለች። ጨርቆቹን ሰብስባ ክንዷ ሥር ያዘቻቸው።

እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

«በቃ» አለ። ድምፁ ተሰብሯል። «የምታደርጊውን አድርጊ። ግን እኔ እያየሁ አታድርጊው። ልሂድ፤ ከሄድኩ በኋላ ጻፊ። ነገ ከተቆጣጣሪው አፍ እሰማዋለሁ።»

በሩን ሳይዘጋው ወጣ።

ወደ ፓምፑ ሄደች። መጀመሪያ ቆጣሪውን አጠፋችው፤ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ላይ ቆመ። ከዚያ ግፊቱን ለቀቀችው። ፓምፑ ዝም ሲል ክፍሉ የሌላ ሰው ቤት መሰላት፤ አሥራ አራት ወር ሙሉ ያን ድምፅ ሳትሰማ ውላ አታውቅም ነበር።

መዝገቡን ከፈተች። የእርማት ደንቡ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። የተሳሳተ አይፋቅም፣ አይቀደድም፣ በላዩ አይጻፍበትም። ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ጎኑ ላይ እውነቱ ይጻፋል፤ ያረመው ይፈርማል፤ ምስክር ይፈርማል። ሃምሳ ሁለተኛው ሳምንት የመጨረሻ ጠዋት ላይ ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ስምንት የሚል ቁጥር አለ። ደረቅ መሆኑ በርግጥ የሚታወቅበት የመጨረሻ ሰዓት ያ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉትን «ደረቅ»ዎች በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ሃምሳ አንድ ናቸው። ሁሉም በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም፣ ያማሩ ናቸው።

እስክሪብቶውን የመጀመሪያው ላይ አሳረፈችና ቆመች። በተከፈተው በር በኩል የማሙሽ መኪና ግቢው ውስጥ እንደቆመ ነው። እሱም ውስጥ ተቀምጧል፤ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቷል። እሄዳለሁ ብሎ መሄድ አቅቶታል። እሷ እዚህ ተደብቃ፣ እሱ እዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ሊያልቅ ነው ይህ ነገር። ነገ አንድ እንግዳ ሰው ወረቀት ገልጦ እህትህ እንዲህ ጻፈችብህ ሊለው ነው። ከኋላው።

መዝገቡንና ጨርቆቹን ይዛ ወጣች።

የበሩ ጥበቃ ከጎጆው ብቅ አለ። «እትዬ፣ ደህና ነዎት? ማሽኑ ምነው ዝም አለ?»

«ሥራው አለቀ» አለችው።

«እንኳን ደስ ያለዎት! አሥር ሺህ ሞላ ማለት ነው?»

«አልሞላም፣ ልጄ። ግባ፣ ብርድ ነው።»

መኪናው ፊት ሄዳ ቆመች። ማሙሽ ቀና አለ። በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባው ራሱን በኃይል ነቀነቀ፤ በከንፈሩ «አይሆንም፣ እታለም» ሲል አየችው። ጨርቆቹን በቁጥራቸው ተራ ኮፈኑ ላይ ደረደረች፤ መዝገቡን ከፊታቸው ዘረጋችው፤ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አደረገች።

ሞተሩን አስነሳው። የናፍጣ መኪና ነው፤ ኮፈኑ ከእጇ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ መዝገቡም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ጥሩምባውን አንድ ጊዜ ረጅም አድርጎ ነፋው። ከፋብሪካው በር ሁለት ሠራተኞች ብቅ ብለው አዩና ተመለሱ። እሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። በግራ እጇ ገጹን ጫን አድርጋ ይዛ የመጀመሪያውን «ደረቅ» በአንድ መስመር ሰረዘች። ጎኑ ላይ «ሳላይ ጽፌዋለሁ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። የምስክሩን ቦታ ባዶ ተወችው። ወደ ሁለተኛው ወረደች።

ሦስተኛው፣ አራተኛው። ሞተሩ እያንቀጠቀጣት ፊርማዋ የሰካራም ፊርማ መሰለ፤ ሆኖም ፊርማ ነው። ማርሹ ሲገባ ሰማችው። መኪናው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ተገፍቶ ጉልበቷን ነካትና ቆመ። ስድስተኛውን ሰረዘች። ቀና ብላ አላየችውም፤ ብታየው እንደምታቆም ታውቃለች። ሰባተኛው ላይ እንባዋ መነጽሯ ውስጥ ሞላ፤ በጋዎኗ እጅጌ ጠርጋ ቀጠለች። አሥረኛ። አሥራ አንደኛ።

ሞተሩ ጠፋ።

ግቢው ጸጥ አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ምንም አልተሰማም፤ በሩም አልተከፈተም። ገጹን በእጇ አስተካከለችና አሥራ ሁለተኛውን «ደረቅ» ሰርዛ ከጎኑ ፈረመች። ይህኛው ፊርማ ቀጥ ብሎ ወጣ።